አሜሪካ ገብታችሁ የልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ መሆን ለምታስቡ (ቼክ ከማስገባታችሁ በፊት)

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ደወለልኝ። ከመጣ ሰባት ወሩ ነው። አዲስ አበባ አርክቴክት ነበር። እዚህ ሌሊት መጋዘን ይሠራል፣ ቀን ቀን አይፓዱ ላይ የልጆች ሥዕል ይስላል። «ጋሼ፣ ሥራ አገኘሁ! ቼኩም መጥቷል» አለኝ። ክው አልኩ። ወደ ቼኩ እመለሳለሁ። መጀመሪያ በየክርስትናውና በየሰርጉ ጥግ አስይዛችሁ «እንዴት የልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ ሆንክ?» እያላችሁ የምትጠይቁኝን ልመልስና ልገላገል።

እኔም አገር ቤት ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ዲሲ መጥቼ አራት ዓመት የፓርኪንግ ካሸር ሆኛለሁ። መሣል የጀመርኩት እዚያችው ሳጥን ውስጥ፣ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው። ስለዚህ «ዕድሜዬ ሄደ» የምትሉኝን አልሰማም።

ዲግሪ የሚጠይቃችሁ የለም። ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀውም፣ እንደኔ ሌጀር ጠርዝ ላይ ሲሞነጫጭር የኖረውም አርት ዳይሬክተር (አሳታሚ ቤት ሠዓሊ የሚመርጠው ሰው) ፊት እኩል ነው። ዲግሪ ለማስገመት የምትከፍሉትን ብር ስካነር ግዙበት። የሚታየው ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራችሁ ናሙና ነው። ከ10 እስከ 15 ሥዕል ይበቃል።

የሀገሬ ልጆች ታዲያ 15 ቆንጆ ቆንጆ ሥዕል ይዘው ይመጣሉ። ጎጆ ቤት፣ ጀበና፣ ላሊበላ። ለፖስት ካርድ ይሆናል። ለልጆች መጽሐፍ ግን አንዲቷ ልጅ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያችው ልጅ መሆን አለባት። ስትሮጥ፣ ስታኮርፍ፣ ከኋላ ስትታይ፣ ዝናብ ሹሩባዋን ሲያበላሽባት። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ደጉ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሳላል፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይኑ። ይሄ እጄ ላይ ቀርቶ የመጀመሪያ ፖርትፎሊዮዬ ውስጥ ያሉት ልጆች በሙሉ ለመታወቂያ ፎቶ የተቀመጡ ይመስሉ ነበር። አንዷ አርት ዳይሬክተር አይታ «አንገታቸው አይዞርም እንዴ?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

የልጆች ሥዕላዊ መጽሐፍ እዚህ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው፣ ወረቀቱ ታጥፎ የሚጠረዘው በስምንትና በ16 ገጽ ስለሆነ። ሁለት ገጽ ላይ የሚዘረጋ ሥዕል ስትሠሩ የልጅቷን ፊት መሃል አታድርጉት፣ ጥራዙ አፍንጫዋን ይበላዋል። ዳር ዳሩን ለመቁረጫ 1/8 ኢንች ትርፍ ተዉ። የሥዕሉ ጥራት 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን። ሌላውን ዩቲዩብ ያስተምራችኋል።

የሥራ ፈቃድ ነገር። በዲቪ ለመጣና ግሪን ካርድ ለያዘ ችግር የለም። አሳይለም ጠይቃችሁ የሥራ ፈቃድ ካርድ ከደረሳችሁም ትችላላችሁ። የተማሪ ቪዛና ኤች ዋን ቢ (በአሠሪ በኩል የሚገኝ የሥራ ቪዛ) ላይ ያላችሁ ግን በግላችሁ ሥዕል ሸጣችሁ ብር አትቀበሉ። «ትንሽ ብር ናት» አይባልም፣ ያለ ፈቃድ መሥራት ነው። የሠፈር ወሬ ሳይሆን ጠበቃ ጠይቁ።

አሁን ወደ ቼኩ።

እኔም በዚሁ ተበልቻለሁ። አሜሪካ በገባሁ በስምንተኛው ወር አንድ ኢሜይል መጣ። ለወላጆች ሴሚናር የሚታደል የልጆች መጽሔት ነው፣ 12 ሥዕል፣ 1,800 ዶላር። ሰውየው አልተከራከረም። ስለ አሳሳሌም አንድ ነገር አልጠየቀም። በስልክ እንነጋገር ስለው ሆስፒታል ተኝቻለሁ አለ። እኔ እንደውም ጸለይኩለት! በሳምንቱ 4,350 ዶላር የሚል ካሽየርስ ቼክ (ባንክ ራሱ የሚያወጣው ቼክ) በፖስታ መጣ። «ትርፉ የጸሐፊዋ ነው፣ በዜል ላክላት» አለኝ። ዜል በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ብር መላኪያ ነው።

እዚህ ላይ የሂሳብ ሠራተኛነቴ ገደለኝ። ካሽየርስ ቼክ ሳይ የታየኝ ሲፒኦ ነው። እኛ ሀገር ሲፒኦ ያው ገንዘብ ነው፣ ቤት ይሸጥበታል፣ ጨረታ ይገባበታል። አስገባሁት። በነጋታው ብሩ ሂሳቤ ላይ ታየ። ከዚያም 2,550ውን ላክሁ።

በ11ኛው ቀን ባንኩ ቼኩ ሐሰተኛ ነው ብሎ 4,350ውን መልሶ ወሰደ። ከመጀመሪያው የነበረኝ 900 ዶላር ነው። ሂሳቤ ከዜሮ በታች 1,650 ገባ፣ የተመላሽ ቼክ ቅጣቱ ሳይጨመር። ባንክ ስሄድ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ ቼኩን ገልብጣ ፊርማዬን አሳየችኝ። ፎርም ሰጠችኝ። ፎርሙን ሞላሁ። ደብዳቤ መጣ፣ ኃላፊነቱ የእርስዎ ነው ይላል። ፖሊስ ጋ ሄድኩ፣ እዚያም ፎርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሀገር ባንክ የቼክን ብር በጥቂት ቀን ውስጥ እንዲለቅላችሁ ሕጉ ያስገድደዋል። ቼኩ እውነተኛ መሆኑ ግን ሳምንታት ቆይቶ ሊታወቅ ይችላል። «ገብቷል» ማለት «ተጣርቷል» ማለት አይደለም። ማንም ደንበኛ ከዋጋው በላይ ከፍሎ ትርፉን ላክልኝ ካለ ሌባ ነው። በቃ፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ቼኩን ያወጣውን ባንክ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ቼኩ ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን ራሳችሁ ባገኛችሁት።

የአሌክሳንድሪያው ልጅ ቼክ 5,000 ነበር። ደግነቱ ገና ከፖስታው አላወጣውም። ግን ተቆጣኝ። «ጋሼ፣ ሁሉንም ሌባ አታድርግ» አለኝ። እኔም ብሆን በዚያን ጊዜ ለሚነግረኝ ሰው ይሄንኑ ነበር የምለው።

ታክስ ባጭሩ፦ በግል ሥራ ወጪ ተቀንሶ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ካተረፋችሁ ማስታወቅ ግዴታ ነው። ከመደበኛው የገቢ ታክስ ሌላ 15.3 በመቶ የግል ሠራተኛ ታክስ (ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር) አለ። አሠሪ ስለሌላችሁ የሚቆርጥላችሁ የለም። በሚያዝያ ጠራርጌ እከፍላለሁ አትበሉ። አከፋፈሉ በዓመት አራት ጊዜ ነው።

ኮንትራት ላይ ደግሞ «ወርክ ፎር ሃየር» የሚል ቃል ካያችሁ ቁሙ። እንዲህ ተብሎ ከተፈረመ ሥዕሉ ከመነሻው የከፋዩ ነው። ልጅቷን ቲሸርት ላይ ቢያትማት አንድ ሳንቲም አይደርሳችሁም። አንዳንዴ መፈረም ያዋጣል፣ እኔም የቤት ኪራይ ሲደርስ ፈርሜ አውቃለሁ። ግን አውቃችሁ ፈርሙ። ዲሲ አካባቢ ላላችሁ ለአርቲስቶች የሕግ ምክር የሚሰጥ ዋሺንግተን ኤሪያ ሎየርስ ፎር ዘ አርትስ የሚባል ድርጅት አለ። እነሱ ጋ ይዛችሁ ሂዱ። እባካችሁ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ እያነሳችሁ በእኩለ ሌሊት ለእኔ በቴሌግራም አትላኩልኝ።