ከኪቦርድ ጀርባ መድረቅ፦ ችግሩና መፍትሄው

ሮክ ባንድ ውስጥ ጊታሪስቱ ይዘላል፣ ድራመሩ ላብ በላብ ይሆናል፤ ኪቦርዲስቱ ግን ብዙ ጊዜ አንገቱን እንደደፋ ምሽቱ ያልቃል። «ዓይን አፋር ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሀዋሳ ሐይቅ ዳር ባሉ መድረኮች ስጫወት የቆየሁት እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ጠባይን ከመውቀስ በፊት ስታንዱን፣ ሞኒተሩን (መድረክ ላይ ራሳችንን የምንሰማበትን ስፒከር) እና የድምፅ አያያዙን መፈተሽ ይቀድማል።

ታዳሚው ልብ አይላችሁም

መንስኤው፦ ኪቦርዱ ፊት ለፊት ስለሚተከል ታች የተቀመጠ ሰው የሚያየው የዕቃውን ጀርባና የተንጠለጠለ ኬብል ነው። ጣታችሁን ካላየ ያ ድምፅ ከእናንተ መምጣቱን በምን ያውቃል?

መፍትሄው፦ ስታንዱን አዙራችሁ ጎናችሁን ለታዳሚው ስጡ፤ ቀና ስትሉ ደግሞ ድራመሩ ይታያችሁ። ከዝግጅቱ በፊት ድምፅ በሚፈተሽበት ሳውንድ ቼክ ላይ አንድ ሰው ታች ተቀምጦ በስልኩ ፎቶ ያንሳችሁ። እጃችሁ ፎቶው ላይ ከሌለ እንደገና አዙሩት።

ሰውነታችሁ ይደርቃል

መንስኤው ብዙ ጊዜ ከኪቦርዱ በታች ነው። የኤክስ ቅርፅ ያለው ስታንድ ከፍ ባደረጋችሁት ቁጥር እግሩ እየጠበበ ይሄዳል፤ ጠንከር አድርጋችሁ ስትመቱ ይወዛወዛል። ሰውነት ይህን ቶሎ ይማርና ኪቦርዱ እንዳይወድቅ ራሱን ያስራል። አራት እግር ያለው ስታንድ ካገኛችሁ ሌላ ምክር አያስፈልግም። ካላገኛችሁ ከፍታውን ክርናችሁ ድረስ ብቻ አድርጉት፤ ቤትም ስትለማመዱ ቆማችሁ ተለማመዱ።

ሌላው መንስኤ ጆሮ ነው። ራሱን የማይሰማ ሰው ፊቱ ይጨማደዳል። ሳውንድ ሰውየውን ድምፅ ጨምር ከማለታችሁ በፊት ግራ እጃችሁን ከወፍራሙ ድምፅ አንሱት፤ እዚያ ቤዝ ጊታሩ አለ። ሁለታችሁ አንድ ቦታ ስትጋፉ ማንም አይሰማም።

ዓይናችሁ ከስክሪኑ አይነሳም

በየዘፈኑ መሃል ድምፅ ስለምትፈልጉ ነው። ድምፆቹን በዝግጅቱ ቅደም ተከተል ሴቭ አድርጓቸው፤ ያማሃ ፒኤስአር በሚባሉት ኪቦርዶች ላይ ለዚህ ሬጅስትሬሽን ሜሞሪ አለ።

ታዳሚው አያጨበጭብም

መንስኤው፦ ሁለቱም እጆቻችሁ ስለተያዙ የሚጋብዘው የለም። እንግሊዛዊው የሮክ ኪቦርዲስት ኪት ኤመርሰን በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ በሃመንድ ኦርጋን ቁልፎች መሃል ቢላ ይሰካ ነበር። ሰው የሚያወራው ስለ ቢላው ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ቢላው የሚሰራው ስራ ነው። ቁልፉን ወደታች ይዞለት ኦርጋኑ ሲጮህ፣ የእሱ እጅ ነፃ ነበር። ለእኛ ይህን ሰስቴን ፔዳል፣ ማለትም ሲረገጥ ድምፁን ይዞ የሚያቆየው ፔዳል ያደርግልናል። የማይደበዝዝ የስትሪንግ ድምፅ ምረጡ፣ ኮርዱን ያዙ፣ ፔዳሉን ረግጣችሁ ሁለቱንም እጃችሁን ከጭንቅላታችሁ በላይ አንስታችሁ አጨብጭቡ። ከወገብ በታች የሚጨበጨብ ጭብጨባ ከሁለተኛው ጠረጴዛ አያልፍም። ችክችካ ላይ ሰዋችን ሳይጠሩት ይገባል፤ ሮኩ ግን አራት ምት ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች እናንተ ምሩት። ታዳሚው በሌላኛው ምት ላይ ከገባ አትታገሉት፣ ተከተሉት።

መብራት ሲጠፋ

አንድ ቅዳሜ ማታ ዘፈኑ መሃል ላይ መብራት ድርግም አለ። ጄኔሬተር ተነስቶ ኪቦርዴ ሲበራ ወዲያው ገባሁ፤ ትራንስፖዙ (የኪቦርዱን ድምፅ ከፍና ዝቅ አድርጎ ቁልፉን የሚቀይረው) ግን ወደ ዜሮ ተመልሶ ነበር። ባንዱ ከእኔ አንድ ሙሉ ድምፅ ከፍ ብሎ ይጫወታል። ድምፃዊቷ ማይኩን ከአፏ አራቀችና ዞራ አየችኝ። ያን ጊዜ በጣም ደነገጥኩ፤ ከዚያ በኋላ አንገቴን ሳላነሳ ነው የጨረስኩት።

መንስኤው፦ ብዙ ኪቦርዶች ሲጠፉ ሴቭ ያልተደረገውን ሁሉ ይረሳሉ። መፍትሄው፦ ትራንስፖዙን ከድምፁ ጋር ሜሞሪ ውስጥ አስገቡት፤ ኪቦርዱ ሲበራ መጀመሪያ የምትነኩት የሜሞሪውን ቁልፍ ይሁን። ድራም ደግሞ መብራት አይፈልግም። ጨለማው ሲመጣ ከስታንዱ ጀርባ ወጥታችሁ መድረኩ ጫፍ ላይ ቁሙ፣ ድራመሩ ምቱን እንዳይለቅ በእጃችሁ አሳዩት፣ ታዳሚውን አስጨብጭቡ። ጄኔሬተሩ ቢነሳም ኪቦርዱ በርቶ እስኪዘጋጅ ጥቂት ሰከንዶች ይፈጃል፤ እስከዚያ ጭብጨባው አይቋረጥ።