ለስዕል ልምምድ የሰፈር ጉልት ይበቃል

ስዕል የምትለማመዱ ልጆች፣ የሚሳል ነገር ፍለጋ ላሊበላ ድረስ መሄድ የለባችሁም። ደብተርና እስክሪፕቶ ይዛችሁ ሰፈራችሁ ጉልት ጋ ቁጭ በሉ። ሰዓሊ ታደሰ መስፍን በከተማ ገበያ ሲሸጡ የሚውሉ ሴቶችን ሲስሉ ኖረዋል። የእነዚያ ሴቶች አቋምና ግርማ ዛሬም በየሰፈሩ አለ።

ትልቁ ነገር ሰዓት መምረጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐይዋ አናት ላይ ትወጣለች፤ ጥላው ያጥርና ሁሉም ነገር ጠፍጣፋ ይመስላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ውጡ። ያኔ ተራ የቆርቆሮ አጥር እንኳን በእያንዳንዱ ሸንተረሩ ጥላ ይይዛል። ዝገቱንም ጠጋ ብላችሁ እዩት። ብርቱካናማ አለው፣ ቡናማ አለው፣ አንዳንዴ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። እንዴት እንደሚያምር!

ሰው ይንቀሳቀሳል ብላችሁ አትጨነቁ። ሻጭ ቲማቲም መድባ፣ ሒሳብ ተቀብላ ተመልሳ እዚያው አቀማመጥ ላይ ትመጣለች። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ሦስት ሰው ጀምሩና ወደ ቦታው የተመለሰውን ቀጥሉ። መጀመሪያ የትከሻውን ዘንበል ማለትና የነጠላውን አወራረድ ያዙ፤ ፊት ይቆይ።

ደግሞ ሳታስፈቅዱ አትሳሉ። ሽንኩርትም ቢሆን ግዙና «እናቴ፣ እዚህ ቁጭ ብዬ ልሳልዎት?» በሉ። ስትጨርሱም አሳዩአቸው።