በሳይኮሎጂ ተመርቃችሁ ሥራ ስትፈልጉ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የሳይኮሎጂ ዲግሪ ይዞ ሥራ መፈለግ ይከብዳል። የሥራ እጥረቱ እንዳለ ሆኖ፣ አፈላለጋችን ራሱ ብዙ በር ይዘጋብናል። ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ላንሳ።

"ሳይኮሎጂስት" የሚል ማስታወቂያ ብቻ መጠበቅ

ትልቁ ይሄ ነው። በዚህ ስም የሚወጣ ክፍት ቦታ ጥቂት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ማስተርስ ይጠይቃል። የእናንተ ዲግሪ ያለው ማስታወቂያው ውስጥ ዝቅ ብሎ ነው፦ "ሶሻል ወርክ፣ ሶሲዮሎጂ፣ ሳይኮሎጂ ወይም ተዛማጅ" የሚለው መስመር ላይ። ከላይ የተጻፈው የሥራ መደብ የሕፃናት ጥበቃ ኦፊሰር፣ ኬዝ ወርከር (የተረጂዎችን ጉዳይ አንድ በአንድ የሚከታተል ሠራተኛ)፣ የትምህርት ቤት አማካሪ ወይም የሰው ሀብት ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መደቡን አይታችሁ አትለፉ፤ የሥራ ዝርዝሩን እስከ ታች አንብቡ። ባንክና ፋብሪካ ውስጥ ያለውን የሰው ሀብት ክፍልም አትናቁት። ምልመላ፣ ሥልጠናና የሠራተኛ ቅሬታ መስማት ከተማራችሁት ጋር በቀጥታ ይገናኛል።

ከአዲስ አበባ አልወጣም ማለት

ጋምቤላ ውስጥ እንደ ኩሌና ቴርኪዲ ባሉ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች የሥነ ልቦናና ማኅበራዊ ድጋፍ ሥራ አለ። ጅግጅጋና አሶሳ አካባቢም እንዲሁ። ሥራው ወንበር ላይ ተቀምጦ ማማከር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከሕፃናት ጋር ትጫወታላችሁ፣ ቤት ለቤት ትሄዳላችሁ፣ በአስተርጓሚ ታወራላችሁ፣ ከዚያ ቁጭ ብላችሁ ቅጽ ትሞላላችሁ። ይከብዳል፤ ግን እንዲህ ያለ ልምድ ሲቪያችሁን ይቀይረዋል።

ለእንደዚህ ዓይነት ሥራ ኢንተርቪው ስትዘጋጁ ይህን ጥያቄ አስቡት፦ "አንድ ልጅ እቤት እንደሚደበደብ ነግሯችሁ 'ለማንም እንዳትናገሩ' ቢላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?" ቶሎ አፍ ላይ የሚመጣው መልስ "ምስጢሩን እጠብቃለሁ" የሚል ነው። ልክ አይደለም። ልጁ አደጋ ላይ ከሆነ ምስጢር መጠበቅ ገደብ አለው። የማትፈጽሙትን ቃል አትገቡለትም፤ ለማንና ለምን እንደምትናገሩ በሚገባው መንገድ ታስረዱታላችሁ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ለኃላፊያችሁ ታሳውቃላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የሥነ ልቦና የመጀመሪያ እርዳታ መመሪያም አንብቡ። በነፃ ይገኛል፤ መሠረቱም ሦስት ነገር ነው፦ ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት።

በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ሕክምና መጀመር

እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። ቴሌግራም ቻናል ከፍቶ ድብርት አድናለሁ ማለት ሰው ይጎዳል። አንድ ሌሊት "መኖር ደክሞኛል" የሚል መልእክት ቢመጣላችሁ ማንን ታማክራላችሁ? በላያችሁ ሥራችሁን የሚያይ ልምድ ያለው ባለሙያ ከሌለ ብቻችሁን ናችሁ፤ ያ ሰውም እንደዚያው። ማከም የምትፈልጉ ከሆነ መንገዱ የክሊኒካል ወይም የካውንስሊንግ ማስተርስ ነው፤ ክሊኒካሉን ለምሳሌ አዲስ አበባና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ። መድኃኒት ማዘዝ ደግሞ የሳይካትሪ ሥራ ነው፤ ሳይካትሪስት መጀመሪያ ሐኪም ነው። እስከዚያው ስለ አእምሮ ጤና ግንዛቤ ስጡ፤ ሕክምና የሚያስፈልገውን ሰው ወደ አማኑኤል ወይም በአቅራቢያው ሳይካትሪ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ላኩት።

ሥራ ስለጠፋ ብቻ ማስተርስ መግባትም አያዋጣም። ከተቻለ መጀመሪያ ትንሽ ሥሩ። ከሕፃናት ጋር መሥራት እንደሚመቻችሁ ወይም ድርጅት ውስጥ እንደሚሻላችሁ የሚታወቀው ሥራ ላይ ነው። ዘርፉን ከዚያ በኋላ ምረጡ።

ሲቪ ላይ "ጥሩ የመግባባት ችሎታ አለኝ" ብሎ መጻፍ

ማንም ይጽፈዋል። ይልቅ የሠራችሁትን ጻፉ፦ "በልምምድ ጊዜ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ፈተና ጭንቀት የቡድን ውይይት መርቻለሁ።" ቀጣሪው የሚጠይቃችሁ ነገር ያገኛል፤ እናንተም የምትመልሱት አላችሁ።

ስታትስቲክስን ከፈተና በኋላ መርሳት

ብዙዎቻችን ያልወደድነው ኮርስ ነው። ግን ኤስፒኤስኤስ (የስታትስቲክስ ትንተና ሶፍትዌር) የሚችልና በኮቦ (በስልክ ወይም በታብሌት መረጃ መሰብሰቢያ መሣሪያ) መጠይቅ የሚያዘጋጅ ተመራቂ የክትትልና ግምገማ ሥራ ላይም መወዳደር ይችላል። የመመረቂያ ጥናታችሁ ዳታ ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለ እንደገና ክፈቱትና ትንተናውን ራሳችሁ ድገሙት።