ወሎ ዘመድ ጥየቃ ለሚወጡ ባልና ሚስት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የዓመት ፈቃድም ይወጣል። መኪና ያለው ባልና ሚስት ያኔ ወደ ወሎ ያስባል። እሱ ሐይቅ ከተማ እናት አሉት። እሷ ባቲ አክስት አለቻት። ደሴ የጋራ ጓደኞች፣ ኮምቦልቻ ደግሞ የሚዜው ቤት አለ። ጉዞው ካርታ ላይ ሲያዩት ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን ገና ከቤት ሳይወጡ በተሠራ ሒሳብ ነው።

ቀኑን በኪሎ ሜትር መቁጠር

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25፣ ከደሴ ሐይቅ 30 ያህል። ይህን ያየ ሰው «ጠዋት ኮምቦልቻ፣ ምሳ ደሴ፣ ማታ ሐይቅ» ብሎ ያቅዳል። መኪናው ይችለዋል። የወሎ ሰው ግን እንግዳ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነው። ከቡናው በፊት ምግብ አለ። ከምግቡ በፊት የዓመቱ ወሬ አለ። አቦልን ጠጥቶ ብድግ ማለት ነውር ነው፤ ምርቃት ሳይቀበሉ መውጣት ደግሞ የባሰ። ሁለተኛው ቤት ስትደርሱ ጠግባችኋል። ባለቤቷ ግን ከማለዳ ጀምራ ወጥ ስትሠራ ነው የዋለችው። «በልተን ነው የመጣን» ብትሏት አትሰማችሁም። «በሞቴ» ይመጣል፣ ጉርሻ ይከተላል። ሦስተኛው ቤት ላይ አንዳችሁ ሆዳችሁን ይዛችሁ ሌላችሁ ሰዓት ታያላችሁ። ሰዓት ማየታችሁን ደግሞ ሁሉም ሰው ያያል።

እኔ የምመክረው በቀን አንድ ትልቅ ቤት፣ ቢበዛ ደግሞ አንድ ትንሽ ቤት ነው። ትልቅ ቤት የወላጅ፣ የአክስት፣ የአጎት፣ የክርስትና አባት ነው። ትንሽ ቤት የጓደኛ ነው። ጓደኛ አይቀየምም፤ ደሴ ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ጋብዛችሁት ብትለያዩም ይገባዋል። ከዕቅዱ ውስጥ አንድ ቀን ደግሞ ባዶ ይሁን። «ነገ እንሄዳለን» ስትሉ «ነገማ አይሆንም» የሚል ሰው አይጠፋም፣ ያ ቀን ለእሱ ነው።

ያልተደረሰ ለቅሶን መዝለል

በእኔ ግምት ከሁሉም የከበደው ስህተት ይኸ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው በዓመት ውስጥ ያልደረሰው ለቅሶ አይጠፋም። ደውሎ «እግዜር ያጽናችሁ» ብሏል፣ ትንሽ ብር ልኳል፣ ያለቀ መስሎታል። አላለቀም። በአካል መድረሱ ገና ዕዳ ነው። ወሎ ደርሳችሁ መጀመሪያ የተጋበዛችሁበት ቤት በግ ከታረደ፣ ሐዘንተኞቹ ከመምሸቱ በፊት ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ ብትሄዱ መጣችሁ አይባልም፤ «ሲመለሱ አለፉብን» ነው የሚባለው።

ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ሁለታችሁም በየወገናችሁ ደውሉ። ማን ሞተ? ማን ታመመ? ማን ወለደ? ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው። መጀመሪያ ለቅሶ፣ ቀጥሎ የታመመ፣ ከዚያ የወለደና የዳረ። የለቅሶ ነጠላ ሻንጣ ሥር አይቀበር፣ ከላይ ይሁን። ሙስሊም ቤት ከሆነ ሰደቃው መቼ እንደሆነ፣ ክርስቲያን ቤት ከሆነ ተዝካሩ መቼ እንደሚወጣ ጠይቁ፤ ምናልባት ቀኑ ከጉዟችሁ ጋር ይገጥማል።

ሌላው የሚረሳ ነገር፦ ሚስት የባሏን የሞተ አጎት ስም ሳታውቅ መግባቷ ያሳፍራል፣ ለባልም እንዲሁ። ማን ለማን ምን እንደሆነ መኪና ውስጥ ተነጋገሩ። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋሮቢት ድረስ ሬዲዮውን ብታጠፉት ይበቃችኋል።

ሥጋ ገዝቶ መሄድ፣ ቀኑንም አለማየት

ወሎ ውስጥ አንዱ ወገኑ ክርስቲያን፣ ሌላው ሙስሊም የሆነ ቤተሰብ ብርቅ አይደለም። አብሮ ያደገ ሰው ሥርዓቱን ሳይነገረው ያውቀዋል። ከከተማ የሚመጣ ሙሽራ ወይም አማች ግን ይስታል። በሌላው እምነት የታረደ ሥጋ ይዞ መግባት ባለቤቶቹን ያስጨንቃል። ይሉኝታ ይይዛቸዋል እንጂ አይበሉትም። ማክበር ከፈለጋችሁ በግ ወይም ፍየል በቁሙ ግዙ፤ አራጁን እነሱ ያመጣሉ። ለአንዱ ጓደኛ የተያዘ የመጠጥ ጠርሙስም ሙስሊም ቤት ደጃፍ ላይ ከመኪና አይውረድ።

ከዚያ የጾም ጉዳይ አለ። ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ነው። በዚያ መሀል የደረሰ እንግዳ ክርስቲያን ቤት ሽሮና ምስር ነው የሚቀርብለት። እናንተን ላይከፋችሁ ይችላል፤ እናት ግን «ምነው በጾም መጣችሁብኝ» እያሉ ይቆጫሉ፣ ቁጭታቸውም እስክትመለሱ አይበርድም። የእስልምናው አቆጣጠር ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም፣ ረመዳንና አረፋ የት ላይ እንደሚውሉ በዓመቱ ማየት ነው። ምርጫ ካላችሁ ከነሐሴ 16 በኋላ ውጡ። ጾሙ ተፈቷል። ወደ ላሊበላ ከዘለቃችሁ አሸንድዬን፣ ወደ ቆቦ ከሆነ ሶለልን ታገኛላችሁ። ልጃገረዶቹ መንገድ ላይ ከበው ሲጨፍሩ ዝርዝር ብር ሳይዙ መገኘትም ራሱን የቻለ ስህተት ነው።

«ምን ይምጣ?» ብሎ የቤቱን ባለቤት መጠየቅ

መልሱ የታወቀ ነው፦ «እናንተ ብቻ ድረሱ።» ይኸ መልስ አይጠቅማችሁም። የቤቱን ትንሽ ልጅ ጠይቁ፣ እሱ እውነቱን ይናገራል። የአያት የደም ግፊት መድኃኒት አልቆ ይሆናል፣ የባትሪ ድንጋይ ይሆናል፣ ደብተር ይሆናል። ቡናና ስኳር የትም ቤት አያሳፍርም።

የሁለቱን ወገን ሳይመዝኑ ብር መስጠት

ባልና ሚስት መኪና ውስጥ የሚኳረፉት በብዛት በዚህ ነው። እሱ ለእናቱ ይህን ያህል ሰጠ፣ ለእሷ አክስት ግን ግማሹን። ወይም ሦስት ሌሊት እሱ ቤት ታድሮ እሷ ቤት ለምሳ ብቻ ተገባ። የሚሰጠውንም የሚታደረውንም ከቤት ሳትወጡ ተስማሙ። አንድ የማውቀው ዘዴ አለ፣ ግሩም ነው፦ የእሱን እናት ብር እሷ ትስጥ፣ የእሷን አክስት ብር እሱ ይስጥ። ብሩ ያው ነው። እጅ መቀየሩ ብቻ ለዓመት የሚወራ ምስጋና ያመጣል።

ብሩ ጥሬ ይሁን። ኔትወርክ ሲጠፋ ቴሌብር ስልክ ውስጥ ይቀራል።

ቤተሰብ ያለበት ከተማ ሆቴል መያዝ

«እንዳናስቸግራቸው ብለን ነው» የሚለውን ምክንያት ማንም አይቀበለውም። «ቤት እያለ?» ይባላል። እውነት ለመናገር ሁለት ሰው ለብቻው መሆን ሲፈልግ ይገባኛል። የመጀመሪያዋን ሌሊት ግን ወላጅ ቤት እደሩ፣ መሬት ላይ ፍራሽ ቢነጠፍም። ከዚያ በኋላ «ጓደኞቻችን ጋ እናመሻለን» ብሎ መውጣት ይቻላል። ገና ሽማግሌ ያልላካችሁ ከሆናችሁ ደግሞ የተለያየ ክፍል ሲሰጧችሁ አትከራከሩ። ደሴ በክረምት ብርድ ነው፤ ጋቢ ያዙ።

መንገዱን በበጋ እንደሚያውቁት ማሰብ

ጣርማበር ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል። በጣሊያን ጊዜ የተቆፈረው ዋሻ አካባቢ ክረምት ላይ ጉሙ የፊት መኪናን መብራት እስኪውጥ ይወርዳል። ከዋሻው እስከ ደብረ ሲና፣ ከዚያም እስከ ሸዋሮቢት ቁልቁል ነው። ፍሬን ብቻ ረግጦ የሚወርድ ሰው ታች ሲደርስ ጎማው ይሸታል። በከባድ ማርሽ ውረዱ። አውቶማቲክ ካምቢዮም ቢሆን ዝቅተኛ ማርሽ አለው፣ የት እንዳለ ከመነሳታችሁ በፊት እወቁ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ለመግዛት ቆም ማለት ለፍሬኑም ዕረፍት ነው።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ሐረጎ ሌላ ፈተና ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አለ፣ ከሚሌ በባቲ በኩል የሚመጣውም ከባድ መኪና እዚያ ይደርሳል። ከኋላው ተሰልፋችሁ ዝናብ ላይ ለመቅደም አትሞክሩ።

ገጠር ያለ ዘመድ ጋ በቪትዝ መግባት የክረምት ሥራ አይደለም። በበጋ ደረቅ የነበረ ወንዝ ከሰዓት በኋላ ድንገት ይሞላል፤ እናንተ ያላችሁበት ባይዘንብ እንኳ ላይ ዘንቦ ይሆናል። መኪናውን ከተማ አቁሙ፣ ባጃጅ ያዙ፣ ቀሪውን በእግር ሂዱ። የሞላ ወንዝ ካገኛችሁ ጠብቁ፣ ይጎድላል።

የጸጥታው ነገር ደግሞ በየቀኑ ይለያያል። ባለፈው ሳምንት ሰላም ነበር ብሎ መውጣት አይሠራም። በዚያው ጠዋት መንገዱን የጨረሰ ሹፌር ጠይቁ፣ አንድ ሳይሆን ሁለት። ነዳጅ በተገኘበት ሙሉ። ከመሸ አትንዱ። ሰው «ዛሬ ቅሩ» ካለ ቅሩ፤ እናትም ደውለው «አብሽሩ፣ ነገ ትመጣላችሁ» ይላሉ እንጂ አይቀየሙም።

የመኪናውን ሻንጣ ሞልቶ መሄድ

ስትመለሱ ባዶ አትመለሱም። ማር፣ ቅቤ፣ ቆሎ፣ ከመርሳ በኩል ካለፋችሁ ማንጎ ይጫናል። «ቦታ የለንም» ማለት አይቻልም፤ እናት ከዓመት በፊት ጀምረው ያጠራቀሙት ነው። ስለዚህ ስትሄዱ አንድ ጥግ ባዶ ተዉ። የማሩን ክዳን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አቁማችሁ አስሩት። ቅቤው ደሴ ላይ እንደ ድንጋይ ቢሆንም ሸዋሮቢት ሙቀት ላይ ይቀልጣል። ኋላ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት። ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ ከፊት፣ እግር ሥር አስቀምጡት።