በልጅነቱ የተጎዳን ሰው ስንቀርብ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ቡና ተፈልቶ ስለ ልጅ አስተዳደግ ወሬ ከተነሣ «እኛስ በአለንጋ አይደል ያደግነው? ምን ሆንን?» የሚል ሰው አይጠፋም። የሆነው ሰው ግን ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከዚያው ቡና ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እንዲህ ያለውን ሰው የምንወደው ቤተሰቦቹና ጎረቤቶቹ ሳናውቅ ሕመሙን እናብስበታለን።

ጥቃትን በሰንበር ብቻ መለካት

እጅ ሳይነሣበት «ምነው ባልተወለድህ» እየተባለ ያደገ፣ እናቱ ስትደበደብ ማየት የለመደ፣ ሲታመም ዞር ብሎ የሚያየው ያጣ ልጅም ተጎድቷል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ የማይነገርላት አንዲት ልጅ አለች፤ «ትማራለች» ተብላ ከገጠር ወደ ዘመድ ቤት የመጣችው። ውኃ ትቀዳለች፣ ሕፃን ታዝላለች፣ የቤቱ ልጆች ከበሉ በኋላ የተረፈውን ትበላለች፣ ሌሊት መቀርቀሪያ በሌለው ክፍል ትተኛለች። አድጋ የደረሰባትን ብትናገር «እንጀራውን የበላሽበትን ቤት?» ይሏታል። ማብላት ግን ለበደል ፈቃድ አይሆንም።

ነገሩ የድህነት ጉዳይ ብቻ ነው የሚሉም አሉ። ፌሊቲ እና አንዳ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት የታወቀ ጥናት የተሠራው በካሊፎርኒያ፣ የጤና መድን ባላቸውና በአብዛኛው በተማሩ ሰዎች ላይ ነበር። አራትና ከዚያ በላይ ዓይነት የልጅነት መከራ ያለፈባቸው ሰዎች ምንም ካላለፈባቸው ጋር ሲነጻጸሩ ለአልኮልና ለአደንዛዥ ዕፅ ሱስ፣ ለድባቴና ራስን ለማጥፋት ሙከራ የነበራቸው ተጋላጭነት ከ4 እስከ 12 እጥፍ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

ሕመሙን በእንባ ውስጥ ብቻ መፈለግ

በልጅነቱ ከገዛ ቤቱ ሰው ራሱን ሲጠብቅ ያደገ ሰው አካሉ ንቁ ሆኖ መኖርን ይለምዳል። አደጋው ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላም በር በኃይል ሲዘጋ ይደነግጣል፤ አለቃው ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ልቡ ይመታል፤ እንቅልፉ የተቆራረጠ ነው። ጤና ጣቢያ ሲሄድ ግን «በልጅነቴ ተበድያለሁ» አይልም። «ጨጓራዬን» ይላል፤ ወይም «ራሴን»። ሌላው ከሰዓት በኋላውን በጫት ያስረሳል፣ ሌሊቱን ደግሞ ጫቱ ራሱ እንቅልፍና ሰላም ይነሣዋል። እምቢ ማለት የማትችል፣ ሁሉን ለማስደሰት የምትሮጥ ሴትም አለች። ሰፈሩ «ጨዋ ናት» ይላታል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ጨዋነት ያልነው የቆየ ፍርሃት ነው።

ከ2014 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ በከተሞቻችን ጭንቀት ሁሉ የጦርነቱ ተደርጎ ይቆጠራል። ጦርነቱ ያደረሰው ጉዳት እውነት ነው። ነገር ግን በልጅነቱ የተጎዳ ሰው በኋላ የሚመጣ መከራ ይበልጥ እንደሚሰብረው የታወቀ ስለሆነ፣ ከተኩሱ በፊት ስለነበረው ሕይወትም መጠየቅ ይገባል።

ይቅርታን ማስቸኮል

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ወሎ የዕርቅ አገር ነው። አበጋር የሚባሉት የዕርቅ ሽማግሌዎች ደም ያደርቃሉ፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ጥላ ሥር ተቀምጦ ባላጋራ ያስታርቃል። በዚህ እኮራለሁ። ነገር ግን በሽምግልናው ወግ መጀመሪያ በዳይ ጥፋቱን ያምናል፣ ይክሳል፤ ይቅርታው ከዚያ በኋላ ይመጣል። በቤተሰብ ውስጥ ይህን ሁሉ ዘለን፣ በልጅነቷ አጎቷ የደፈራትን ሴት «አረፋ ደርሷል፣ ሰላም በይው»፣ «በፋሲካ ቂም አይያዝም»፣ «እርሱም አርጅቷል» እንላታለን። በዳዩ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ እርሷ ብቻ ትለመናለች፤ እምቢ ስትል ደግሞ ቂመኛዋ እርሷ ትሆናለች። የደረሰበትን ሲናገር ያላመኑት ወይም የወቀሱት ሰው ጤናው ይበልጥ እንደሚጎዳ በጥናት ታይቷል። ለገበና ስንል ዝም የምናሰኛት ሴት ጉዳቷን ብቻዋን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

«አምንሻለሁ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ማለት ብቻውን ብዙ ነው። በበዓል ከእርሱ ጋር ማዕድ መቅረብ ካልፈለገች አትቅረብ፤ ይቅር ማለትም አለማለትም የእርሷ ነው። ያ ሰው ዛሬም ልጆች ባሉበት ቤት የሚኖር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ያለፈ አይደለም፤ ልጆቹን ከእርሱ ማራቅና ለፖሊስ ማሳወቅ ከማንኛውም ዕርቅ ይቀድማል።

ዝርዝሩን ማስወጣት

«ምን አደረገህ? መቼ? ስንት ጊዜ?» እያሉ መመርመር አያሽርም። የሚናገረውን ያህል ይናገር፤ ጠያቂው ይጠብቅ።

«እርሱም ልጁን ይገርፋል» ብሎ መፍረድ

በልጅነታቸው የተጎዱ አብዛኞቹ ሰዎች በልጆቻቸው ላይ ጥቃት አይፈጽሙም። የልጅነት መከራን በቁጥር የሚለኩ፣ በኢንተርኔት የሚዞሩ አሥር ጥያቄዎችን ሞልተው በውጤቱ የሚደነግጡ ወጣቶችም አሉ። ከላይ የጠቀስኩት አንዳ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጽሑፍ ይህ ቁጥር የአንድን ግለሰብ ዕጣ ለመተንበይ እንደማይሆን አስጠንቅቋል። በልጅነት አንድ የሚታመን ትልቅ ሰው፣ አያትም ሆነ አስተማሪ፣ አጠገብ መኖሩ ብዙ ነገር ይለውጣል።

ጸሎትን ከሕክምና ማጣላት

ጠበሉም፣ ዱዓውም፣ ተሰብስቦ የሚጸለይበት ወዳጃውም ለብዙ ሰው እውነተኛ መጽናኛ ነው፤ ማንም እንዲተወው አልመክርም። ስህተቱ ጠበል ለመግባት ብሎ በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት ማቋረጥ ነው፤ በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። በደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አለ። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ስለ ጨጓራው ከተናገሩ በኋላ «በልጅነቴም ክፉ ነገር ደርሶብኛል» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር የሕክምናውን አቅጣጫ ሊለውጥ ይችላል፤ ዝርዝሩን በዚያው ቀን መናገር ግዴታ አይደለም። ሰውየው ስለ መሞት ማውራት ከጀመረ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ብቻውን ሳይተዉት፣ ገመዱን፣ የተባይ መድኃኒቱንና የጦር መሣሪያውን ከቤት አርቀው፣ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።