ሸክላ ይዞ ሽርሽር፦ እኔ ተሳስቼባቸዋለሁ፣ እናንተ አትሳሳቱ

ሻንጣ የመሰለችውን ሸክላ ማጫወቻዬን ይዤ መጀመሪያ የወጣሁት ወደ ጎርጎራ ነው። ገና አዘዞን ሳናልፍ፣ መኪና ውስጥ ጭኔ ላይ ከፈትኳት። መርፌው አንዴ ዘለለ፣ ሁለቴ ዘለለ፣ ከዚያ እየጫረ እስከ መሐል ተንሸራተተ። ያ ዘፈን እስከ ዛሬ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ "ጧ!" ይላል።

የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ተንቀሳቃሽ ማለት ተሸክመን እንሄዳለን ማለት እንጂ እየሄድን እንሰማለን ማለት አይደለም። መርፌው የሚከተለው ከፀጉር የቀጠነ ቦይ ነው፤ ባጃጅና ኮብልስቶን አይችልም። ጎሃ ተራራ ላይ ሣር ላይ ከሆናችሁም ሰፊ ጣውላ አንጥፉና ብርጭቆ ውኃ አስቀምጡበት። ውኃው ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ማጫወቻውም አዘንብሏል።

ሲዘልባቸው ክንዱ ላይ ሳንቲም የሚጭኑ አሉ። እባካችሁ ተዉ። ርካሾቹ የሻንጣ ማጫወቻዎች ያለ ሳንቲምም ሸክላውን 5 ግራም ገደማ ይጫኑታል፤ ጥሩ ማጫወቻ 2 ግራም አካባቢ ይበቃዋል። ሳንቲሙ ዝላዩን ቢያስቆምም ቦዩን ይበላዋል። መጀመሪያ አቧራውን ጥረጉ፣ ከዚያ የመርፌውን ዕድሜ ጠይቁ።

ትልቁ ጥፋት ግን ከአያት ሣጥን የወጣን ሸክላ ዝም ብሎ ማጫወቻው ላይ ማስቀመጥ ነው። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካሳተሟቸው አብዛኞቹ ትንንሾቹ የ45 (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት) ናቸው፤ እነሱ ችግር የለባቸውም። ገጣሚውና ዘፋኙ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1908 እ.ኤ.አ. ጀርመን ሄደው ዘፈናቸውን ባስቀዱበት ዘመን የነበረው ዓይነት ግን ሌላ ነው። በደቂቃ 78 ጊዜ ገደማ ይዞራል፣ ቦዩ ሰፊ ነው፣ መርፌውም ወፍራም መሆን አለበት። አዲሱ ሳውንድ በርገር፣ ያቺ እንደ ዳቦ ሸክላውን መሐሏ የምትነክሰው ትንሽ ማጫወቻ፣ የምታጫውተው የ33 እና የ45 ዙሮቹን ብቻ ነው። ደግሞ የ78ቱ ስሙን በትክክል ያገኘ ሸክላ ነው፤ ከወደቀ እንደ ገንቦ ይሰበራል። በአልኮል አትጥረጉት። አንድ ወዳጄ በአረቄ ወልውሎት ጥቁሩ ቀለም ጨርቁ ላይ ቀረ፤ የተሠራበት ሙጫ በአልኮል ይሟሟል።

ባትሪ ሲደክም በአንዳንዶቹ ዘፋኙም ይደክማል። ድምፁ እየወፈረ ከሄደ ሸክላውን አትውቀሱ፣ ባትሪውን ቀይሩ።

ድምፅ ማጉያው እዚያው ሣጥን ውስጥ ካለ ደግሞ እስከ ጥግ አትክፈቱት። ንዝረቱ ወደ መርፌው ይመለስና "ኡኡ" ማለት ይጀምራል። ውጪ ብዙ ሰው ካለ ሌላ ስፒከር አገናኙና ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ፀሐዩን አትናቁት። የመጋቢት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አንድ ሰዓት የተውኩት ሸክላ እንደ ድስት ክዳን ጎብጦ ጠበቀኝ። ጥላ ውስጥ፣ አቁማችሁ አስቀምጡት እንጂ አትደራርቡት።

አገልግል ውስጥስ? ሞክሬዋለሁ። የ45ቷ ልክክ ብላ ትገባለች። ግን የእናቴ አገልግል የዶሮ ወጥ ትዝታ አለበት፤ ቅባቱ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ሁለት ቀን ለብ ባለ ውኃና በጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ መሐል ያለውን ወረቀት ሳላስነካ፣ ሳጥብ ከረምኩ።