ከአራት ነጥብ በፊትና በኋላ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰሞኑን አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ለእርማት መጣልኝ። 90 ገጽ ነው። ዎርድ ላይ ከፈትኩና ያቺን የአንቀጽ ምልክት ተጫንኩ። የተደበቀውን ሁሉ የምታወጣው እሷ ናት። እያንዳንዱ ስፔስ ትንሽ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ገጹ ጤፍ የተበተነበት ሰፌድ መሰለ። ይህን ነገር በቃል ለስንት ሰው እንደነገርኩ እግዜር ይወቀው። ዛሬ ጽፌው ልረፍ።

ከአራት ነጥብ በኋላ ሁለቴ ስፔስ መምታት

ይሄ የታይፕ ዘመን ልማድ ነው። በእንግሊዝኛው ታይፕ ቀጭኑም ወፍራሙም ፊደል እኩል ቦታ ይይዝ ስለነበር፣ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ጎልቶ እንዲታይ ሁለቴ ይመታ ነበር። እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው። አውራ ጣቴን ከዚህ ልማድ ለማላቀቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ ስለዚህ ሁለቴ የሚመታ ሰው ሳይ አልቆጣም። የኮምፒውተር ፊደል ግን ለእያንዳንዱ እንደ ስፋቱ ቦታ ይሰጣል። የእኛ አራት ነጥብ ደግሞ እንደ እንግሊዝኛዋ ነጥብ ለዓይን የምትጠፋ አይደለችም። አንድ ስፔስ ይበቃል። ጽሑፉን ግራና ቀኝ እኩል ስታደርጉት ድርቡ ስፔስ ይለጠጥና ገጹ መሃል ጉድጓድ ይፈጠራል።

ከአራት ነጥብ በፊት ስፔስ መተው

«መጣ ።» ብላችሁ ስትጽፉ ኮምፒውተሩ አራት ነጥቡን እንደ ራሱን የቻለ ቃል ያየዋል። መስመሩ ከሞላ አራት ነጥቧ ብቻዋን ወደ ታች ትወርዳለች። አንድ የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ ሦስተኛው መስመር በአራት ነጥብ ጀምሮ አይቻለሁ። ታትሞ አልቆ ነበር። ለነጠላ ሰረዝም፣ ለድርብ ሰረዝም፣ ለጥያቄ ምልክትም ሕጉ አንድ ነው፦ ከቃሉ ጋር ይጣበቃል፣ ስፔሱ ከኋላ ነው።

ጭራሽ አለመተው

«መጣ።ሄደ» ለኮምፒውተሩ አንድ ቃል ነው። ስልክ ላይ የምትጽፉ፣ እናንተን ነው።

አራት ነጥብን በሁለት ሁለት ነጥብ መሥራት

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ፡፡ እና ። ለዓይን አንድ ናቸው። የመጀመሪያው ግን ሁለት ፊደል ነው፣ ሁለተኛው አንድ። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ የሚጠቀሙበት የጋራ የመለያ ቁጥር መዝገብ) ውስጥ ሲገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ለሁለት ነጥብ 1361፣ ለአራት ነጥብ 1362 የሚል መለያ ተሰጣቸው። ጎረቤታሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። መለየት ከፈለጋችሁ ከምልክቱ ኋላ ቆማችሁ የማጥፊያውን ቁልፍ (ባክስፔስ) አንዴ ምቱ። ግማሹ ከቀረ ውሸተኛ ነው።

«ማን ያየዋል?» ይሉኛል። ዓረፍተ ነገር የሚቆርጡ ፕሮግራሞች ያዩታል። የትርጉም ሥራ የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ጠይቁት፤ ፕሮግራሙ እውነተኛ አራት ነጥብ ስላጣ ሙሉውን አንቀጽ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ያመጣለታል። ኤስኤምኤስም ያየዋል። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፣ በአማርኛ 70 ብቻ ነው። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ አንዱን ነጥብ ለሁለት መክፈል ምን የሚሉት ብክነት ነው? ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ በብዙ የአማርኛ ኪቦርዶች ትክክለኛው የሚወጣው ያንኑ ቁልፍ ሁለቴ በመምታት መሆኑ ነው። ድካሙ እኩል ነው!

አሁን የራሴን ልናገር።

ከዓመታት በፊት አንድ አዛውንት የሕይወት ታሪካቸውን አስተይበው፣ ወደ 200 ገጽ፣ ይዘውልኝ መጡ። እንደ ብራናውና እንደ ድሮው ነጋሪት ጋዜጣ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ አለበት። ለልጅ ልጆቻቸው ንባብ እንዲቀል በስፔስ እንዲተካ ፈለጉ።

«ይሄማ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ኮንትሮል ኤች። ሁለት ነጥብን ፈልግ፣ በስፔስ ተካ፣ ሁሉንም። ከዚያ ጎበዝ ነኝና የተደራረበውን ስፔስ ሁሉ ወደ አንድ አወረድኩት። ሴቭ አድርጌ ዘጋሁ።

ቡና ጠጥቼ ስመለስ ገጽ 1ን ማንበብ ጀመርኩ። ዓረፍተ ነገሩ አያልቅም። ገጽ 2 ላይም አያልቅም። በ200 ገጽ ውስጥ አንድም አራት ነጥብ የለም። የተየበላቸው ልጅ ሁሉንም በሁለት ሁለት ነጥብ ነበር የሠራቸው። ስፔሶቹን ባልነካ ኖሮ እንኳ እተርፍ ነበር፤ አራት ነጥብ የነበረበት ሁሉ ድርብ ስፔስ ሆኖ ስለሚቀር ዱካውን ተከትዬ እመልሰው ነበር። እኔ ግን ዱካውንም ጠርጌዋለሁ። «ከጠዋቱ 3፡30» ያለውም «3 30» ሆኗል። ኮፒ አላስቀረሁም። ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ፍላሹን መልሰው ያመጡልኛል?»

«ምነው ልጄ፣ አምስት ደቂቃው አላለቀም እንዴ?»

በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ፋይሉን በሌላ ስም አስቀመጥኩ። ከዚያ ፡፡ን በሙሉ በ። ተካሁ። ቀጥሎ ነጠላዎቹን ሁለት ነጥቦች በስፔስ። ከአራት ነጥብ በፊት የቀረውን ስፔስ አጠፋሁ። በመጨረሻ ድርቡን ስፔስ በአንድ፤ ይሄኛው አንዴ አይበቃውም፣ ፕሮግራሙ ምንም አላገኘሁም እስኪል ይደጋገማል። ሰዓቶቹን ግን ገጽ በገጽ በዓይኔ ለቀምኳቸው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ገና ገጽ 140 ነበርኩ።